የጭስና የአቧራን ምንጭ ለክቶ አቤቱታ ማቅረብ፦ ለመሀል አዲስ አበባ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች ስለ ጭስና ስለ አቧራ የሚያቀርቡት አቤቱታ ደጋግሞ ውድቅ ሲሆን አይቻለሁ። እኛም በሰፈራችን 43 ሰው አስፈርመን የመጀመሪያውን አቤቱታ ባስገባን ጊዜ የተሰጠን መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የብክለቱ ምንጭ ተለይቶ አልቀረበም የሚል። መልሱ አስቆጥቶን ነበር። ደብዳቤያችንን መልሰን ስናነበው ግን ጭሱ ጤናችንን እየጎዳው ነው ከማለት በቀር ከየት እንደሚወጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚቆይ አንድም ቃል አልነበረበትም።

በመሀል ከተማ ጭስ መኖሩን የሚክድ የለም። የመኪናው ጭስ፣ የማገዶውና የከሰሉ፣ የጄኔሬተሩ፣ የግንባታውም አቧራ አንድ ላይ በሚተነፈስበት ሰፈር የአንዱን ድርሻ ከሌላው ለይቶ ማውጣቱ ነው ሰውን የሚያቅተው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የሚያገለግለው ለዚሁ ነው። ሥራው ከዝግጅቱ ጋር ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል፤ ለማሳጠር ብለው ደረጃ አይዝለሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

አራት ወይም አምስት ፈቃደኛ ሰዎች ይያዙ፤ ከእነዚህ አንዱ ማስታወሻውን ብቻ የሚይዝ ይሁን። ገጾቹ በቁጥር የተለዩ አንድ ጠንካራ ደብተር፣ ሁለት አንድ ዓይነት የብናኝ መለኪያዎች፣ የነፋስ አቅጣጫ ለማየት በእንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ቀጭን ክርና ለ5ኛው ደረጃ የሚሆኑ አራት የታተሙ ካርዶች ያዘጋጁ። መለኪያ ለመግዛት አቅም ከሌለ በጉዳዩ ላይ ከሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መዋስ ይቻላል። አንድ ብቻ ከተገኘ፣ ምንም ካልተገኘም መደረግ ያለበት በየቦታው ተጽፏል።

ማስጠንቀቂያ፦ በአራት ኪሎና በአካባቢው ካሜራ ማንሳት የተከለከለባቸው ግቢዎች ብዙ ናቸው። ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ሌሎች የጥበቃ ቦታዎች አቅጣጫ ፎቶ አያንሱ፤ መለኪያም አጥር ላይ አይስቀሉ። ምንጩ ወዳለበት ግቢ ያለ ፈቃድ አይግቡ፤ የሠራተኞችን ፊት አይቅረጹ። አንድ ያለ ፈቃድ የተነሣ ፎቶ የሁለት ወር ልፋት ሊያበላሽ ይችላል።

1ኛ ደረጃ፦ አንድ ምንጭ ብቻ ይምረጡ

ዳቦ ቤቱንም፣ ጋራዡንም፣ የሕንፃውን ጄኔሬተርም በአንድ ደብዳቤ አይክሰሱ። ሦስት ተከሳሽ ያለበት አቤቱታ ሲደርስ እያንዳንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል፤ የሚመረምረውም ባለሙያ ከየት እንደሚጀምር ይቸገራል።

ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ጎሕ ሲቀድ፣ እኩለ ቀን ላይና ከመሸ በኋላ በሰፈሩ ይዘዋወሩ። ጭስ ያዩበትን ወይም የሸተተዎትን ቦታና ሰዓት ይመዝግቡ። ከሳምንቱ መጨረሻ በኋላ ሦስት ጥያቄዎች ያንሡ፤ ቦታው ቋሚ ነው? የሚሠራበትና የሚያርፍበት ሰዓት በግልጽ ይለያል? ከሥሩ የሚኖሩ ሰዎች አሉ? ለሦስቱም አዎ የሚል መልስ ያገኘውን ይምረጡ። ሰዓት የሌለው ምንጭ፣ ለምሳሌ ከሜክሲኮ አደባባይ የሚመጣ የመኪና ጭስ፣ በዚህ መንገድ አይያዝም፤ እሱ የከተማው የትራንስፖርት ጉዳይ ስለሆነ የሌላ አቤቱታ ርዕስ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ መለኪያዎቹን አጎራብተው ይፈትኑ

በገበያ ላይ ያሉት ትንንሽ መለኪያዎች አየሩን በማራገቢያ ስበው በሌዘር ብርሃን ያሳልፉታል፤ ከብናኙ የሚበተነውን ብርሃን ቆጥረውም ክብደቱን ይገምታሉ። ስለዚህ በሚዛን የሚመዝን የለም። ሁለት ድክመት ከዚህ ይመጣል፤ የጉም ጠብታን እንደ ብናኝ ይቆጥራሉ፤ የግንባታ አቧራን የመሰለ ሻካራ ብናኝ ደግሞ አሳንሰው ያሳያሉ። የሚያስተማምኑት ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮሜትር ለማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ወደ ሳንባ ጥልቀት የሚገባውም፣ ከጭስ በብዛት የሚወጣውም እሱ ነው።

ሁለቱን መለኪያዎች በአንድ መስኮት ላይ ጎን ለጎን አድርገው ለሦስት ቀን ይተዉአቸው። የየሰዓቱን አማካይ ያነጻጽሩ። አንደኛው ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን ከፍ የሚል ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ 1.1 እጥፍ የሚያሳይ ከሆነ፣ ችግር የለውም፤ ኋላ ንባቡን በ1.1 ያካፍሉት። ልዩነቱ አንድ ቀን ወደላይ፣ አንድ ቀን ወደታች የሚዘል ከሆነ ግን ማራገቢያው በአቧራ ወይም በሸረሪት ድር ተይዞ ሊሆን ስለሚችል በቀስታ አጽድተው እንደገና ይፈትኑት። ካልተስተካከለ አይጠቀሙበት።

የሰዓት ስሕተት፦ በጣም ብዙ ማስረጃ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ መለኪያዎች የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ በፋይሉ ላይ 04:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከፋይሉ ሰዓት ላይ 3 ሲቀንሱ የእኛን ሰዓት ያገኛሉ። መለኪያው በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል ተስተካክሎ ከሆነ ግን ያው ሰዓት 07:00 ተብሎ ስለሚጻፍ የሚቀነሰው 6 ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ክብሪት ጭረው፣ ወዲያው አጥፍተው ጭሱን ወደ መለኪያው ያስጠጉና ሰዓትዎን ይመዝግቡ፤ ቁጥሩ የዘለለበትን መስመር በፋይሉ ውስጥ ይፈልጉ። በደብዳቤው ላይ የሚጽፉት በእኛ ሰዓት ብቻ ይሁን፤ «ሌሊት» ወይም «ጠዋት» የሚለውንም ሁልጊዜ ይጨምሩ።

3ኛ ደረጃ፦ ቦታ ይምረጡ

አንዱ መለኪያ ነፋሱ ወደ ምንጩ ከሚመጣበት በኩል፣ ሌላው ነፋሱ ከምንጩ ወደሚሄድበት በኩል ይሁን። የመጀመሪያው ምንጩ ባይኖር ኖሮ ሰፈሩ ይተነፍሰው የነበረውን አየር ያሳያል፤ ሁለተኛው ያንኑ አየር ምንጩ ከጨመረበት በኋላ ያሳያል። የአቤቱታዎ ጉልበት ያለው በሁለቱ ልዩነት ላይ ነው፤ ብቻውን የቆመ ከፍተኛ ቁጥር «ከተማው በሙሉ እንደዚህ ነው» በሚል አንድ ቃል ይወድቃል።

የነፋሱን አቅጣጫ በግምት አይወስኑ። ክሩን ከጣሪያ በላይ ይዘው ለአምስት ቀን፣ ምንጩ በሚሠራበት ሰዓት፣ ወዴት እንደሚያዘነብል ይመዝግቡ። ወደ ቀበና ወይም ወደ ግንፍሌ ወንዝ ተዳፋት ባላቸው ሰፈሮች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠንቀቁ። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቅ ያለው አየር ከላይ እንደ ክዳን ይዘጋዋል። ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ጭሱ ወደላይ መውጣት ያቅተዋል፤ እንደ ውኃ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ክሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነፋስ የለም በሚባልበት ሰዓትም ይህ ይከሰታል። ምንጭዎ ጎሕ ሲቀድ የሚሠራ ከሆነ ሁለተኛውን መለኪያ ከቁልቁለቱ በታች ያድርጉት።

ከፍታው ከመሬት ከ1.5 እስከ 4 ሜትር፣ ከግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር የራቀ፣ ዝናብ የማይመታው ግን አየር የሚዘዋወርበት ይሁን። ከወጥ ቤት፣ ከጀበና ቡና መሸጫና ዕጣን ከሚጨስበት በር ይራቁ። ይህን የምለው በራሳችን የደረሰብን ስለሆነ ነው። አንዱን መለኪያ አንዲት ደግ ጎረቤታችን በረንዳ ላይ ሰቀልነው፤ ሁለት ሳምንት ከተለካ በኋላ ፋይሉን ስንከፍት በየቀኑ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንደ ተራራ የቆመ ቁጥር አገኘን። እኛ የመረጥነው ምንጭ ዳቦ ቤት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ዝግ ነው። እትዬ ወርደው ነገሩን ገለጡልን፤ ከሰዓት በኋላ ቡና የሚያፈሉት ከመለኪያው ሥር ነበር፤ ማንደጃውን አቀጣጥለው እስኪግም ድረስ የሚያቆዩት እዚያው በረንዳ ጥግ ነው። የሁለት ሳምንቱን ሥራ ጥለን እንደገና ጀመርን።

አንድ መለኪያ ብቻ ካለዎት ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ያቁሙትና ምንጩ የሚሠራበትን ሰዓት ከማይሠራበት ጋር ያነጻጽሩ። ይህ ደከም ያለ ማስረጃ ነው፤ ምንጩ ሙሉ ቀን የሚዘጋበት ዕለት ከተገኘ ግን በእጅጉ ይጠነክራል። ስለዚህ ባለቤቱ ለበዓል የሚዘጋበትን ቀን አስቀድመው ይጠይቁ።

4ኛ ደረጃ፦ 15 ቀን ይለኩ፤ በደብተር ይመዝግቡ

መለኪያው ቁጥሩን ብቻ ያውቃል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ደብተሩ ነው። በየቀኑ ምንጩ የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ ያልተለመደ ነገር ካለም እሱን ይጻፉ። መብራት የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት ሳይመዘገብ እንዳይቀር፤ መብራት ሲጠፋ የሕንፃዎቹ ጄኔሬተሮች በሙሉ ይነሣሉ፤ ከዋይፋይ ጋር የተያያዘው መለኪያ ደግሞ በዚያው ሰዓት ይቋረጣል። ፓወር ባንክ ያገናኙለት፤ ከተቻለም በሚሞሪ ካርድ የሚመዘግበውን ዓይነት ይምረጡ።

የማይለካባቸው ቀኖች አሉ። ኅዳር ሲታጠን፣ ማለትም ኅዳር 12፣ በየደጁ ቆሻሻ ስለሚቃጠል የዚያን ቀን የትኛውም ቁጥር ለምንም አይረባም፤ የማግስቱን ጠዋትም ይተዉት። የደመራን ምሽት መስከረም 16ን፣ የቡሄን ዋዜማና የዘመን መለወጫን ዋዜማ ችቦ የሚበራባቸው ስለሆኑ እንደዚሁ ያውጡአቸው። አውጥተው ዝም አይበሉ፤ ለምን እንደወጡ በደብተሩ ይጻፉ፤ የጎደለውንም በሌላ ቀን ይተኩ።

በክረምት ለመለካት ከተገደዱ ጉም ባለበት ጠዋት መለኪያው አጋንኖ እንደሚያሳይ ያስታውሱ። የአየሩ እርጥበት ከ80 በመቶ በላይ የሆነባቸውን ሰዓቶች ለይተው ያስቀምጡ። ሁለቱ መለኪያዎች በአንድ ጉም ውስጥ ስለሆኑ ልዩነታቸው ከነጠላ ቁጥራቸው የተሻለ ይታመናል፤ ቢሆንም ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ መምረጥ ይሻላል።

5ኛ ደረጃ፦ ጭሱን በዓይን ይመዝኑ

መለኪያ ባይኖርም ይህ ደረጃ ብቻውን ዋጋ አለው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በዓለም ላይ የሚሠራበት የሪንግልማን ካርድ የሚባል ዘዴ ነው፤ የሚያስፈልገው አራት ነጭ ወረቀትና ጥቁር ቀለም ነው።

በየወረቀቱ ላይ ቁልቁልና አግድም መስመሮች ይሠሩ፤ የአንዱ መስመር መሀል ከሚቀጥለው መሀል 10 ሚሊ ሜትር ይራቅ። የመስመሩ ውፍረት በ1ኛው ካርድ 1 ሚሊ ሜትር፣ በ2ኛው 2.3፣ በ3ኛው 3.7፣ በ4ኛው 5.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ማተሚያ ቤት ሲያሠሩ ሥዕሉ ከወረቀቱ መጠን ጋር እንዲስማማ ተብሎ እንዳይጠብ ይንገሩ፤ ከታተመም በኋላ በማስመሪያ ይለኩት። ባዶ ነጭ ወረቀት 0፣ ሙሉ ጥቁር 5 ይባላል። እያንዳንዱ ቁጥር 20 በመቶ ጥቁረት ማለት ነው።

ካርዶቹን ከዓይንዎ 15 ሜትር ያህል ርቀት ላይ በአጥር ወይም በምሰሶ ላይ ያቁሙአቸው፤ በዚያ ርቀት መስመሮቹ ተዋሕደው ግራጫ ሆነው ይታያሉ። ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ፤ ፀሐይ ከጀርባዎ ትሁን፤ ጭሱ ወደ እርስዎ ወይም ከእርስዎ ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ እያለፈ ይመልከቱት። በየ15 ሴኮንዱ ጭሱን ከካርዶቹ ጋር አስተያይተው ቁጥሩን ይጥሩ፤ ጓደኛዎ ይጻፍ። ለ15 ደቂቃ 60 ንባብ ይኖርዎታል። ድምሩን ለ60 አካፍለው በ20 ያባዙት። ለምሳሌ ድምሩ 96 ቢሆን አማካዩ 1.6፣ ጥቁረቱ 32 በመቶ ነው። በሌላ ቀን ሌላ ሰው ይመልከት፤ አንድ ሰው ብቻ ያየው የአንድ ሰው ዓይን ነው ይባላል።

ዘዴው የሚሠራው ለጥቁርና ለግራጫ ጭስ ነው። እርጥብ እንጨት ሲነድ የሚወጣው ነጭ ወይም ቢጫ ያለበት ጭስ በጣም ጎጂ ሆኖ ሳለ በካርዱ ላይ አነስተኛ ቁጥር ያገኛል። እንዲህ ካለ በካርድ አይመዝኑት፤ የቆየበትን ደቂቃ ብቻ ይቁጠሩ። እንፋሎትንም ከጭስ ይለዩ፤ እንፋሎት ጥቂት ሜትር ሄዶ ይጠፋል፤ ጭስ ግን እየሳሳ ይሄዳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይጠፋም።

የጄኔሬተርና የመኪና ጭስ ቀለም ደግሞ ስለ ብልሽቱ ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በቂ አየር አላገኘም፤ ፊልትሮው ተዘግቷል ወይም ኢንጄክተሩ ያንጠባጥባል። ሰማያዊ ከሆነ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ለቆላ አገር የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሙሉ ጭነት ሲሸከም መጨሱ አይቀርም። ይህን በ8ኛው ደረጃ ላይ ይፈልጉታል።

6ኛ ደረጃ፦ ምንጩ ግንባታ ከሆነ

የፈረሳና የቁፋሮ አቧራ በሌዘር መለኪያ በደንብ አይያዝም። ጎኑ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ሁለት ትሪ ያዘጋጁ፤ አንዱን በግንባታው በኩል፣ ሌላውን ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኝ ተመሳሳይ ጣሪያ ላይ ለ15 ቀን ያስቀምጡ። ዝናብ ከመጣ ቆጠራውን እንደገና ይጀምሩ። ቅጠልና ትንኝ ለቅመው፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አስቀድሞ በተመዘነ ወረቀት ላይ ይጥረጉና የመቶኛ ግራም ድረስ በሚለይ ሚዛን ያስመዝኑ። ወርቅ ቤቶች እንዲህ ያለ ሚዛን አላቸው፤ በትሕትና ከጠየቋቸው ያስመዝኑዎታል።

ለማሳያ ያህል 0.54 ግራም ቢገኝ፣ የትሪው ስፋት 0.09 ካሬ ሜትር ስለሆነ በካሬ ሜትር 6 ግራም፣ በቀን ደግሞ 0.4 ግራም ይሆናል። ነፋስ ከትሪው መልሶ የሚያነሣው ስላለ ያገኙት ቁጥር ከእውነተኛው የሚያንስ እንጂ የሚበልጥ አይደለም፤ ይህን በደብዳቤው ላይ መግለጽ ይጠቅማል።

7ኛ ደረጃ፦ ውጤቱን ያስሉ

ለእያንዳንዱ ቀን ምንጩ በሠራባቸው ሰዓቶች የሁለቱን መለኪያዎች አማካይ ያውጡና ይቀንሱ። 15 ልዩነቶች ይኖርዎታል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረው 8ኛውን ይውሰዱ። ትልቁን አይውሰዱ፤ የሚነቀፈው እሱ ነው። ቀጥሎ ምንጩ በማይሠራባቸው ሰዓቶች ይህንኑ ያድርጉ።

ቁጥሮቹ የማሳያ ናቸው፤ ምንጩ ሲሠራ በላይኛው በኩል፣ ማለትም ነፋሱ ወደ ምንጩ ከሚመጣበት፣ 38፣ በታችኛው በኩል፣ ማለትም ነፋሱ ከምንጩ ወደሚሄድበት፣ 71 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ፣ ሳይሠራ ደግሞ 29 እና 31 ቢሆን የምንጩ ድርሻ በግልጽ ወጥቷል ማለት ነው። በሁለቱም ጊዜ ልዩነቱ እኩል ከሆነ ግን ምንጩ ሌላ ነው። እንዲህ ሲሆን ቅር ሳይልዎት ወደ 1ኛው ደረጃ ይመለሱ፤ ያልበደለ ሰው መክሰስ ከጭሱ የከፋ በደል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኝ ወሰን ለ24 ሰዓት አማካይ 15፣ ለዓመት አማካይ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። የአሥር ደቂቃ ንባብ ወስደው ከ24 ሰዓቱ ወሰን ጋር አያነጻጽሩ፤ ሙሉውን ቀንና ሌሊት አማካይ ያውጡ። ከስልክ መተግበሪያ የተቀዳ የከተማ ቁጥርም አያያይዙ። የአሜሪካ ኤምባሲ የአየር ጥራት መረጃውን ለሕዝብ ማሰራጨት በየካቲት 2017 ዓ.ም. አቁሟል፤ አሁን በስልክ የሚታየው በስሌት የተገመተ ሊሆን ይችላል፤ ተለክቶም ቢሆን ስለ እርስዎ ሰፈር ጭስ ማውጫ የሚለው የለውም።

8ኛ ደረጃ፦ ከመክሰስ በፊት ባለቤቱን ያነጋግሩ

ሁለት ወይም ሦስት ሆነው፣ ከእድሩ አንድ የሚከበር ሰው ይዘው፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ይሂዱ። እኛ የዳቦ ቤቱን ባለቤት «ጋሼ፣ ልንከስዎት አልመጣንም፤ ሌሊት ከ10 ሰዓት ጀምሮ ጭሱ ልጆቹ የተኙበት ክፍል ይገባል፤ ለክተን ያገኘነውን እናሳይዎት» ብለን ጀመርን። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «እንጨቱ እርጥብ ነው ልጆቼ፤ ለማድረቂያ ቦታ የለኝም» አሉ። የችግሩን ሥር ያወቅነው በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ የተሠራለት፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የእንጨት ማድረቂያ ቦታ ከኋላ ተገኘ፤ የጭስ ማውጫውም ተጠርጎ ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ከፍ አለ። ጭሱ አልጠፋም፤ ከክፍሎቹ ግን ወጣ።

ሲሄዱ የሚጠይቁትን ለይተው ይሂዱ። ለጄኔሬተር፦ ፊልትሮና ኢንጄክተር እንዲታይ፣ ጭነቱ እንዲቀንስ፣ ጭስ ማውጫው ከመስኮቶች በላይ እንዲወጣ። ለግንባታ፦ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃ እንዲረጭ፣ አሸዋና አፈር የሚጭኑ መኪናዎች በሸራ እንዲሸፈኑ፣ ከግቢ ሲወጡም ጎማቸው እንዲታጠብ። ለጋራዥና ለጎሚስታ፦ ጎማ፣ ፕላስቲክና የተቃጠለ ዘይት እንዳይነድ። ፕላስቲኩን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ቀሪው ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ ይሰጥ።

የተነጋገሩበትን ቀን፣ የተገኙትን ሰዎችና የተሰጠውን ቃል ይመዝግቡ፤ ለማስተካከያ 30 ቀን ይስጡ። ካስፈራሩዎት ወይም ካልተቀበሉዎት አይከራከሩ፤ መዝግበው ይመለሱ።

9ኛ ደረጃ፦ አቤቱታውን ይጻፉ

መሠረትዎ ሁለት ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰው ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ተከራይ ነዎት ወይም መታወቂያዎ የሌላ ወረዳ ነው ተብሎ ቢመለስብዎት ይህን አንቀጽ ያሳዩ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይጻፍ፤ ግልባጩ ለክፍለ ከተማውና ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይሁን። ዋናው አንቀጽ በዚህ መልክ ይጻፍ፦

«በ… ወረዳ፣ ከ… ድልድይ በስተ… 60 ሜትር ርቀት ላይ ከሚገኘው የዳቦ መጋገሪያ በየቀኑ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ጭስ ይወጣል። ከኅዳር 20 እስከ ታኅሣሥ 4 ባሉት 15 ቀኖች በሁለት መለኪያ ስንለካ፣ መጋገሪያው በሚሠራበት ሰዓት በታችኛው በኩል ያለው ደቃቅ ብናኝ ከላይኛው በኩል በ… ማይክሮግራም በሜትር ኩብ በልጦ ተገኝቷል፤ በማይሠራበት ሰዓት ግን ልዩነቱ … ብቻ ነው። ባለቤቱን በ… ቀን አነጋግረናል። ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ በራሱ መሣሪያ እንዲያረጋግጥልንና የጭስ ማውጫው ከፍታና የማገዶው አያያዝ እንዲስተካከል እንዲያዝልን እንጠይቃለን።»

«በራሱ መሣሪያ እንዲያረጋግጥ» የሚለውን አይተዉት። የእናንተ መለኪያ የፍርድ ማስረጃ አይደለም፤ ሥራው ባለሙያው መቼና የት መጥቶ መለካት እንዳለበት መንገር ነው። ይህን ሐረግ ካልጻፉ ባለሙያው መጋገሪያው በተዘጋበት ከቀኑ 5 ሰዓት መጥቶ ንጹሕ አየር ለክቶ ይሄዳል። ስድብ፣ ግምትና «ሆን ብለው ሊገድሉን» የሚል ዓይነት ቃል ይውጣ። ስለ ጤና የሚጽፉት በሐኪም ወረቀት የተደገፈውን ብቻ ይሁን፤ የታማሚው ፈቃድም ይጠየቅ። ትልቅ ግንባታ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተደርጎለት እንደሆነ እንዲገለጽልዎትም ይጠይቁ።

10ኛ ደረጃ፦ መዝገብ ቤትና የቀን ቆጠራ

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ራስዎ መዝገብ ቤት ይሂዱ። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይደረግልዎት ከመስኮቱ አይነሡ። «ለኃላፊው በእጄ አደርሳለሁ» የሚል ቀና ሰው ቢያገኙም አመስግነው መዝገብ ቤቱ ያስመዝግቡት፤ በእጅ የሄደ ወረቀት ቢጠፋ የሚጠየቅ የለም።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ 30 ቀን ይቁጠሩ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኙ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ነገ ይታያል» እየተባለ ሲመላለስ 60ው ቀን ሲያልፍበት ነው። ሁለቱንም ቀን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ ይጻፉ፤ በ20ኛው ቀን የማስታወሻ ደብዳቤ ያስገቡ፤ ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ግን ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ።

ባለሙያው ሲመጣ ደብተሩን ይዞ የሚያስረዳ አንድ ሰው ብቻ ይቅረብ። ሰፈሩ በሙሉ ከወጣ ምርመራው ወደ ስብሰባ ይለወጣል።

11ኛ ደረጃ፦ እርምጃ ከተወሰደ በኋላ

መለኪያዎቹን አያውርዱ። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ሰዓት ሌላ 15 ቀን ይለኩ፤ ልዩነቱንም እንደ መጀመሪያው ያስሉ። ልዩነቱ ከቀነሰ ውጤቱን ለባለቤቱም ለመሥሪያ ቤቱም በደብዳቤ ያሳውቁ፤ ያስተካከለ ሰው ማስተካከሉ ሊታይለት ይገባል። ካልቀነሰ አዲስ አቤቱታ አይጀምሩ፤ የቀድሞውን የገቢ ቁጥር ጠቅሰው፣ የሁለቱን 15 ቀኖች ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አድርገው በዚያው መዝገብ ላይ ያያይዙ። ከክረምት በፊት የተሻሻለ ምንጭ በመስከረም ማገዶው ረጥቦ ሊመለስ ስለሚችል፣ የመስቀል ሰሞን ካለፈ በኋላ ለአምስት ቀን አንድ ጊዜ ደግመው ይፈትሹት።